የጣና ዳርቻ ፀሐይና የኮምፒውተር ንድፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የአርክቴክቸር የ4ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን የምማረውም የምኖረውም ባሕር ዳር ነው። ራይኖና ግራስሆፐር በተባሉት የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራሞች መንደፍ ከጀመርኩ ወዲህ የታወቁት አርክቴክቶች የፍራንክ ጌሪና የዛሃ ሐዲድ ሥራዎች ልቤን ስበውታል። ለስቱዲዮ ሥራዬ በጣና ዳር የዓሣ መሸጫና የጀልባ መሳፈሪያ የሚሆን ትልቅ መጠለያ ነድፌ ሳቀርብ ግን ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ቅርጹ ያምራል፤ ነገር ግን ይህ ሕንፃ የትም ሊቆም ይችላል፤ ባሕር ዳር ላይ የቆመው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ጓደኞቼ ደግሞ በአገራችን የሚሠራው በብሎኬት፣ በአርማታና በቆርቆሮ ስለሆነ በእነዚህ ፕሮግራሞች መድከም ትርፍ የለውም ይላሉ። ሕንፃው ዘመናዊ ሆኖ የቦታውን ጠባይ እንዲይዝ የግድ የጎጆ ጣሪያ መድፋት አለብኝ? የዲጂታል ንድፍስ ሥዕል ከማሳመር ያለፈ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገምጋሚዎ ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ጓደኞችዎ ተዉት በሚሏቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን። ለዚህም መሣሪያው ወደ ሙያው የገባበትን ምክንያት ማስታወስ ይጠቅማል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም ሲሠራ በስክሪን ላይ መስመር ከማስመር አልፎ መስመሮቹ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ጠብቀው እንዲቆዩ አድርጎ ነበር፤ ማለትም ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ ከተባሉ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም ይከተለዋል። በ1982 የወጣው አውቶካድ የተባለ የንድፍ ፕሮግራም በተለመደው አሠራር የንድፍ ጠረጴዛውን ተካ እንጂ ይህን ሐሳብ ብዙም አላራመደውም። በ2007 የመጣው ግራስሆፐር ግን ወደ መነሻው ሐሳብ መለሰን፤ ንድፍ አውጪው ቅርጹን ራሱን ከመሳል ይልቅ ቅርጹን የሚወልዱትን ቁጥሮችና ዝምድናቸውን ይጽፋል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው የትኞቹን ቁጥሮች አስገባን በሚለው ነው።

የወደዷቸው ሕንፃዎችም በዚህ ዓይን ቢታዩ ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ጌሪ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተውን የቢልባኦ ጉገንሃይም ሙዚየም ቅርጽ ያገኘው በእጅ በተሠሩ ሞዴሎች ነው፤ ለአውሮፕላን ሥራ የተዘጋጀው ካቲያ የተባለ ፕሮግራም የገባው ያ ሞዴል በቁጥር ተለክቶ እያንዳንዱ የብረትና የታይታኒየም ክፍል በስንት ልክ ይቆረጥ የሚለውን ለሠሪው ለመንገር ነበር። በ2012 የተጠናቀቀው የዛሃ ሐዲድ የባኩው ሕንፃ፣ የሄይዳር አሊየቭ ማእከል፣ ከሥሩ የብረት ዘንጎች ፍርግርግ፣ ከላዩ ደግሞ በመስታወት ክር የተጠናከረ አርማታና ፕላስቲክ ፓነል አለው። ከእነዚህ ሥራዎች ቅርጹን ብቻ ወስደን ቅርጹን የሚሠራውን ፋብሪካ ስንተወው በእጃችን የሚቀረው ምስል ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር ሲነድፉ ወደ ፕሮግራሙ መግባት ያለባቸው ቁጥሮች የባሕር ዳር ፀሐይ፣ ዝናብ፣ አፈር፣ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍና የግንበኛው ገመድ ናቸው።

ከፀሐይ እንጀምር፤ ምክንያቱም እጅግ ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው። ከተማችን በሰሜን ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ትገኛለች። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚመለከት ሕንፃ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ይመለከታል ማለት ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መማሪያዎች ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት የቀትር ፀሐይ አያገኘውም ይላሉ፤ እዚህ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትውለው ከአናታችን ወደ ሰሜን አጋድላ ነው። በሰኔ 14 አካባቢ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል 78 ዲግሪ ከፍታ ይኖራታል፤ በታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ብቻ። ቀትር ስንል የፀሐይዋን ቀትር ነው፤ እሱም በሰዓታችን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይውላል።

አሁን 1 ሜትር ከ50 ከፍታ ያለው መስኮት ይውሰዱ። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የሰኔን የቀትር ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ለመከልከል ከመስኮቱ አናት 31 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ጥላ ይበቃል። በደቡቡ ግድግዳ ላይ የታኅሣሥን ለመከልከል 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ግን መስከረም ወይም መጋቢት ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ 30 ዲግሪ አካባቢ ስለምትደርስ 2 ሜትር ከ60 የሚወጣ ጥላ ሊያስፈልግ ነው፤ ይህም በረንዳ እንጂ የመስኮት ጥላ አይደለም፤ እዚያ ላይ የሚሻለው የቆመ መከላከያ ወይም ዛፍ ነው። ስለዚህ አራቱም ጎኖቹ በአንድ ዓይነት መስታወትና አሉኮቦንድ የተሸፈኑ ሕንፃዎች ፀሐይዋ ከአራቱም ጎን አንድ ናት ብለው የቆሙ ናቸው ማለት ነው፤ እኛም በከተማችን ይህ ዓይነቱ ሥራ መስፋፋቱ ያሳዝነናል። እርስዎ ግራስሆፐር ላይ የግድግዳውን አቅጣጫ እንደ አንድ ቁጥር፣ የጥላውን ርዝመት ደግሞ ከእሱ እንደሚወለድ ሌላ ቁጥር ቢያስሩ አራት ጎኖቹ አራት መልክ ይይዛሉ፤ ገምጋሚዎ «ለምን ባሕር ዳር?» ሲሉም ግድግዳው ራሱ ይመልስላቸዋል።

የሐይቁ ዳርቻ የሚጨምራቸው ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። የጣና የውኃ ከፍታ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ይጎድላል። ለጀልባ መሳፈሪያ የሚሆን መጠለያ አንድ ቋሚ የወለል ከፍታ ይዞ ከቆመ የዓመቱን እኩሌታ ተሳፋሪውን ያስቸግረዋል። የደረጃው እርከን ከውኃው ጋር የሚወርድበትን ልክ መወሰን ከጣሪያው ቅርጽ የሚበልጥ የንድፍ ሥራ ነው፤ በንድፍዎ ሴክሽን (ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ በሚታይበት ሥዕል) ላይ ሁለቱንም የውኃ ከፍታዎች አስምረው ያሳዩ። ደንገሉ ባለበት ዳር ላይ ደግሞ ምሰሶዎቹን አራርቆ ማቆም ይሻላል።

ወደ ቅርጹ እንምጣ። ተማሪዎች ሁሉንም ክብ ነገር «ኩርባ» ብለው በአንድ ላይ ያዩታል፤ ሠሪው ዘንድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታጠፍ ገጽ ነው፤ በርሜልና ሾጣጣ ጣሪያ የዚህ ወገን ናቸው። ይህን ከጠፍጣፋ ላሜራ ሳይቀደድና ሳይጨማደድ መሥራት ይቻላል። ሁለተኛው በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ ገጽ ነው፤ የኳስ ቅርፊትና የኮርቻ ቅርጽ ከዚህ ይመደባሉ፤ ጠፍጣፋ ላሜራ እነዚህን በፍጹም አይለብስም፣ ወይ መቆራረጥ ወይ በቅርጽ መፍሰስ አለበት። በስክሪን ላይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቅለት ይሳላሉ፤ በሳይት ላይ የዋጋቸው ልዩነት ግን እጅግ የራቀ ነው። ራይኖ የገጹን ጉብጠት በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ትእዛዝ አለው፤ ጣሪያዎን በቆርቆሮ ሊሸፍኑት ካሰቡ ከማንኛውም ሬንደር (ሕንፃውን እንደ ፎቶ አስመስሎ ከሚያሳይ ምስል) በፊት ይህን ይመልከቱ።

ከሁለተኛው ወገን ሆኖ ሳለ በቀጥተኛ እንጨት ብቻ የሚሠራ አንድ ገጽ መኖሩን ማወቅ ግን ለእርስዎ መጠለያ ትልቅ ጥቅም አለው። የኮርቻ ቅርጽ ካላቸው ገጾች አንዱ፣ ሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ የሚባለው፣ በሁለት አቅጣጫ የታጠፈ ሆኖ ሳለ ሙሉ በሙሉ በቀጥተኛ መስመሮች የተሞላ ነው። አርክቴክቱ ፊሊክስ ካንዴላ በሜክሲኮ ከተማ በሶቺሚልኮ ቦዮች ዳር እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው ሎስ ማናንቲያሌስ የተባለ ምግብ ቤት ስስ የአርማታ ጣሪያ ነው፤ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አርማታው የፈሰሰበት የእንጨት ቅርጽ ግን ከቀጥተኛ ጣውላዎች የተገጣጠመ ነበር። ያለ ኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን ልብ ይበሉ። አንድ አራት ማእዘን ፍሬም ይውሰዱ፤ ሁለት ተቃራኒ ማእዘኖቹን ከፍ፣ ሁለቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያም በትይዩ ጎኖቹ ላይ እኩል ነጥቦችን ምልክት አድርገው ነጥብ ለነጥብ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጠና ያጋድሙ፤ ኮርቻው በዓይንዎ ፊት ይወጣል። ይህን በቀጭን እንጨትና በክር በጠረጴዛ ላይ ሠርተው ከግራስሆፐሩ ሞዴል ጎን ቢያቀርቡት ስለ አሠራሩ የሚነሳው ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል።

የአገራችንን አፈርና የዲጂታል ስሌትን ያገናኘ ሥራም በቅርባችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኢቲኤችና የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ ሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ተቋም በጋራ በአዲስ አበባ ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት ሠርተዋል። የፎቁ ወለልና ጣሪያው ብረት በሌለበት፣ ከታመቀ አፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች በተገነባ ቅስት የተሸከመ ነው። ቅስቱ የሚቆመው ቅርጹ ጭነቱን በግፊት ብቻ ወደ ታች እንዲያወርድ ሆኖ ስለተሰላ ነው፤ የስፔኑ አርክቴክት ጋውዲ ክር አንጠልጥሎ በትናንሽ የእርሳስ ከረጢቶች እየጫነ፣ የተንጠለጠለውን ገልብጦ በማየት ያገኘውን ነገር ዛሬ ፕሮግራም በቅጽበት ያሰላዋል። እዚህ ላይ ለባሕር ዳር የሚጨመር ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙው የከተማችን መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቅስት ደግሞ እግሮቹ ጥቂት እንኳ ከተራራቁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ቅስት ለመሥራት ያሰበ ሰው እግሮቹን በመሬት ውስጥ በሚያልፍ የአርማታ ቢም ወይም በብረት ማሰር ይኖርበታል፤ የዚያን ማሰሪያ ኃይልም ከጣሪያው እኩል ማስላት አለበት።

የጎጆ ጣሪያ ስለመድፋት ያነሡትን በተመለከተ፣ የግድ አይደለም ብቻ ሳይሆን ባይደፉ እንመርጣለን። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዜጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሲሳለሙ ከጣሪያው በፊት ፕላኑን ያጥኑ። ውጪው ክብ ነው፣ በመካከል ያለው መቅደስ ግን አራት ማእዘን ነው፤ በመካከላቸው ቅኔ ማሕሌቱና ቅድስቱ ይዞራሉ። አራት ማእዘን በክብ ውስጥ ሲቆም የዙሪያው መተላለፊያ ስፋት እየተለዋወጠ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል ጎኑ 8 ሜትር የሆነ አራት ማእዘን ባለ 9 ሜትር ራዲየስ ክብ ውስጥ ቢቆም፣ በጎኖቹ መካከል 5 ሜትር፣ በማእዘኖቹ በኩል ግን 3 ሜትር ከ34 ብቻ ይቀራል። በሮቹ በየጎኑ መካከል ስለሆኑ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሰፊው ላይ፣ ሰው የሚያልፍበት ጠባቡ ላይ ይውላል። ሁለት ቁጥሮችና አንድ ዝምድና ይህን ሁሉ ያደርጋሉ፤ በግራስሆፐር ቋንቋ ይህ ሙሉ ንድፍ ነው። የእርስዎ የዓሣ መሸጫ ላይ ሻጮቹ የሚቆሙበት መካከለኛ ክፍልና ገዢዎቹ የሚዞሩበት ውጫዊ ጥላ በዚህ ዝምድና ቢታሰሩ፣ ጣሪያው ሣር ሳይለብስም፣ ሾጣጣ ሳይሆንም፣ ሥራው የጣና ልጅ ይሆናል። የቅዱስ ሕንፃን ሥርዓት ለገበያ መገልበጥ አይገባም የሚል ቢኖር፣ የምንወስደው የስፋቱን ስሌት እንጂ ሥርዓቱን አይደለም እንላለን።

በመጨረሻ ስለ ጓደኞችዎ አስተያየት፦ በ2016 ዓ.ም. ለአገልግሎት የበቃው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ በኬብል የተወጠረ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ኮምፒውተር ስሌት አይታሰብም። በሌላ በኩል አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪናፋሶ ጋንዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው ትምህርት ቤት ከታመቀ የሸክላ አፈር ጡብና ከቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮውን ከጣራው በላይ በቀጭን የብረት አጥንት ከፍ አድርጎ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ በማድረጉ ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኗል፤ ንድፍ አውጪውም እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን ታላቅ የአርክቴክቸር ሽልማት ተቀብሏል። ቆርቆሮ ለዘመናዊ ሥራ እንቅፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔም የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ያለኝ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ፕሮግራሞቹንም ለመግዛት አቅም የለኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ብሌንደርና ፍሪካድ የተባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች፣ ኪውጂአይኤስ የተባለውም የካርታ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው፤ ራይኖም ሙሉ ፕሮግራሙን ለ90 ቀን በነጻ ያስሞክራል፤ ስለዚህ ያንን ጊዜ ፕሮጀክትዎ ሲደርስ ይጠቀሙበት እንጂ በልምምድ አይጨርሱት። አሮጌ ላፕቶፕ የሚከብደው ሬንደር ነው፤ የፀሐይን አቅጣጫ ማስላት ግን ቀላል ሥራ ነው፤ የሚፈልገውም የከተማዋን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነው። ሙቀትና እርጥበት ለማስላት የአየር ንብረት ፋይል ሲጭኑ የአዲስ አበባውን ለባሕር ዳር አይጠቀሙ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ በብዙ ሞቃት ናት፣ ውጤቱም ያሳስትዎታል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ በካርቶንና በእጅ ባትሪ ጥላ መለካት ይቻላል፤ ባትሪውን ለታኅሣሥ ቀትር በደቡብ በኩል በ55፣ ለሰኔ ቀትር በሰሜን በኩል በ78 ዲግሪ ይያዙት።

ጥያቄ፦ የግንባታ ፎርማን ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ወጣቶቹ አርክቴክቶች ክብ ግድግዳ ያለበት ንድፍ ያመጡልናል፤ ወረቀቱ ላይ ራዲየሱ ብቻ ተጽፏል። የክቡ ማእከል ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሲወድቅ ገመድ መትከያ የለንም። እንዴት እናውጣው?

መልስ፦ ጥያቄዎ በቀጥታ ለተማሪዎቹም ስለሚሆን ደስ ብሎን እንመልሳለን። ማእከሉ ባይገኝም የግድግዳው ሁለት ጫፎች በእርስዎ ግቢ ውስጥ እስካሉ ድረስ ሥራው ይወጣል። ራዲየሱ 6 ሜትር፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀትም 6 ሜትር ነው እንበል። በሁለቱ ጫፎች ካስማ ተክለው ገመድ ይወጥሩ፤ መካከሉን ምልክት ያድርጉ። ከመካከሉ ከገመዱ ቀጥ ብሎ በማእዘን መለኪያ ወደ እርስዎ ግቢ 80 ሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ከመካከሉ ግራና ቀኝ በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ 78፣ በ1 ሜትር ላይ 72፣ በ1 ሜትር ከ50 ላይ 61፣ በ2 ሜትር ላይ 46፣ በ2 ሜትር ከ50 ላይ 26 ይለኩ፤ ጫፎቹ ላይ ዜሮ ነው። በየነጥቡ ችካል ተክለው ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በችካሎቹ ላይ አጥፈው ቢያስደግፉት ክቡ ይወጣል። ፌሮው አንዱን ችካል ከለቀቀ የዚያ ነጥብ ልኬት ስለተሳሳተ ደግመው ይለኩ።

ብሎኬቱን ሳይቆርጡ መገንባት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ይህን ይመልከቱ፦ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት በ6 ሜትር ራዲየስ ላይ ከክቡ የሚርቀው በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ልስን ይሸፍነዋል። ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በውጭ በኩል ያለው መጋጠሚያ በ1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ይህም በሞርታር ይሞላል። ራዲየሱ ወደ 1 ሜትር ከ50 ሲወርድ ግን መጋጠሚያው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ግማሽ ብሎኬት መጠቀም ግድ ነው፤ ይህንንም ለባለቤቱ ከሥራው በፊት ማስታወቅ ይገባል። ከላይ ያሉትን ዓይነት ልኬቶች ከሞዴል ማውጣት ለአርክቴክቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ፣ በንድፉ ወረቀት ላይ በሰንጠረዥ ተጽፈው እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ሳይሰጥዎ ቁፋሮ አይጀምሩ።